እቤት የሚደርስ ምርመራ ለምን ሳይመለስ ይቀራል? የእንግሊዝ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ

የትልቁ አንጀት ካንሰር በአብዛኛው የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። እብጠቱ ወደ ካንሰርነት እስኪለወጥ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያው ድረስ በዓይን የማይታይ ደም ወደ ሰገራ ሊያፈስ ይችላል። ቅድመ ምርመራው ይህን ደም ይፈልጋል። ደም የተገኘበት ሰው ወደ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ወደሚያሳየው ምርመራ) ይላካል፤ ፖሊፕ ከታየም ብዙውን ጊዜ በዚያው ተቆርጦ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 በኖቲንግሃም ተጀምሮ ከ150,000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት በዚህ መንገድ በካንሰሩ የሚደርሰውን ሞት በ15 በመቶ መቀነስ እንደሚቻል አሳየ።

እንግሊዝ ምርመራውን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 69 ለሆኑ ሰዎች የናሙና መውሰጃው በየሁለት ዓመቱ በፖስታ እቤታቸው ይላክ ነበር። ክፍያ የለውም፤ ሐኪም ዘንድ መቅረብም አያስፈልግም። ሆኖም እስከ 2009 መጀመሪያ ከተጋበዙት 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናሙናውን የመለሱት 54 በመቶው ብቻ ነበሩ። እጅግ ድሃ በሆኑት አካባቢዎች ቁጥሩ 35 በመቶ ሲሆን፣ በተሻሉት 61 በመቶ ደርሷል። በሽታው ወንዶችን ይበልጥ የሚያጠቃ ቢሆንም ናሙናውን በብዛት የመለሱት ሴቶች ናቸው።

ሰዎች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ጤነኛ ነኝ የሚለው ነው። ምርመራው የታሰበው ምንም ሕመም ለማይሰማው ሰው ስለሆነ ጥሪው የማይመለከተው ይመስለዋል። ሁለተኛው መጸየፍ ነው፤ ሰገራን ነክቶ ናሙና መውሰድና እቤት ማስቀመጥ ለብዙዎች ይከብዳል። ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ ካንሰር ማለት ሞት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ውጤቱን ባያውቀው ይመርጣል። እውነታው ግን የተለየ ነው፤ ካንሰሩ ገና በመጀመሪያ ደረጃው ከተገኘባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ።

ከነዚህ ሌላ ምርመራውን ሳይቃወሙ የሚቀሩ ብዙዎች አሉ። ፖስታው ሲደርስ በኋላ አደርገዋለሁ ብለው ያስቀምጡታል፤ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ነገሩም ይረሳል። ኑሮ ያጣበበው፣ የሚያስታምመው ሰው ያለው፣ ወይም የእንግሊዝኛ መመሪያ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ደግሞ በቀላሉ ወደዚህ ይገባል። በድሃና በተሻሉ አካባቢዎች መካከል ያለውን ልዩነት በከፊል የሚያስረዳው ይኸው ነው።

መፍትሔው ትምህርት መስጠት ብቻ እንዳልሆነ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆኑ አራት ሰፋፊ ሙከራዎች ነው። መረጃውን በአጭሩ ያቀረበው በራሪ ጽሑፍም ሆነ የተመርማሪዎችን ታሪክ የያዘው ሌላኛው የመላሾችን ቁጥር ከፍ አላደረጉም። የቤተሰብ ሐኪም ድጋፍ ያለበት የጥሪ ደብዳቤና የተጠናከረ የማስታወሻ ደብዳቤ ግን በጥቂቱም ቢሆን ጨመሩት።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የምርመራው ዓይነት መቀየር ነው። በቀድሞው ዘዴ ከሦስት የተለያዩ ሰገራዎች ሁለት ሁለት ናሙና እየተወሰደ ካርድ ላይ ይቀባ ነበር። ፊት (FIT) በሚባለው አዲሱ ምርመራ ግን በክዳኑ ላይ ዘንግ ባለው ትንሽ ጠርሙስ አንድ ናሙና ብቻ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ በተደረገው ሙከራ ተሳትፎው ከ59 ወደ 66 በመቶ ከፍ አለ። ቀደም ሲል ተጋብዘው ካልመለሱት ውስጥ በአሮጌው ዘዴ የመለሱት ከስምንት አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በአዲሱ ከአራት አንድ ወደሚጠጋ ደረሱ። አዲሱ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2019 አሮጌውን ተካ፤ የመጀመሪያው የጥሪ ዕድሜም ከ2021 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከ60 ወደ 50 ዝቅ ተደረገ።

ይህ ማለት ሁሉም መመርመር አለበት ማለት አይደለም። ምርመራው አንዳንድ ካንሰሮችን ያመልጠዋል፤ ደም የተገኘባቸው አብዛኞቹ ሰዎችም ካንሰር የለባቸውም፤ ኮሎኖስኮፒውም አልፎ አልፎ ደም መፍሰስ ወይም የአንጀት መበሳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ጥቅምና ጉዳቱን አመዛዝኖ አልመረመርም ያለ ሰው ውሳኔው ይከበርለታል። የፕሮግራሙ ሥራ ሊቀንስ የሚችለው መመርመር ፈልገው በአሠራሩ ክብደት፣ በመርሳት ወይም መመሪያውን ባለመረዳት የቀሩትን ሰዎች ቁጥር ነው።