የመዝገብ ቤቱ ሥልጣን

ጊች በሰሜን ተራራዎች ፓርክ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። በ2008 ዓ.ም. ነዋሪው ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሰፈረ። ቤትና ንብረት ለቆ የወጣ ሰው፣ ስም በመዝገብ ላይ መኖሩ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቃል።

ዛሬ መዝገብ በወረቀት ብቻ አይያዝም። የባንክ ሒሳብም የመሬት ይዞታም በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ይህ የኮምፒዩተር መዝገብ ዳታቤዝ ይባላል።

በዳታቤዝም ሥልጣን የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሠራተኛ ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል። ሌላው ይጽፋል። ሁሉን መለወጥ የሚችለው ዋናው ኃላፊ ነው። ታዲያ ትንሹ ሠራተኛ የትልቁን ሥልጣን እንዴት ሊሰርቅ ይችላል?

በምሳሌ እንየው። በአንድ ጽሕፈት ቤት ሁሉም ወረቀት የሚያስቀምጥበት የጋራ መደርደሪያ አለ እንበል። አንድ ተንኮለኛ ጸሐፊ የዘወትሩን ቅጽ የሚመስል ወረቀት እዚያ ይሸጉጣል። ውስጡ ግን «ለእኔ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠኝ» ይላል። ኃላፊው የዘወትሩ መስሎት ማኅተም ያደርግበታል። በር አልተሰበረም፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ሥልጣኑ ግን ተሰረቀ።

በየካቲት 2010 ዓ.ም. ብዙ አገር በሚሠራበት ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ይህን የመሰለ ቀዳዳ እንዳለ ተነገረ። ተንኮለኛው በጋራው ቦታ፣ በታወቀ ትእዛዝ ስም፣ የራሱን ትእዛዝ ያስቀምጣል። ኃላፊው የታወቀውን የጠራ መስሎት የተንኮለኛውን ይጠራል። ትእዛዙም በኃላፊው ሥልጣን ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ የሰው ስም መፋቅም ሆነ መለወጥ ይቻላል።

ሠሪዎቹ ማስተካከያውን አብረው አወጡ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ዳታቤዝ ደግሞ ማንም እንዳሻው በጋራው ቦታ መጻፉ ቀረ። ነገር ግን ማስተካከያ የሚጠቅመው ኮምፒዩተሩ ላይ ለጫነው መሥሪያ ቤት ነው። ያልጫነው በሩ እንደተከፈተ ያድራል።

ያለ ሌባም ኮምፒዩተር ይሳሳታል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰ የሥርዓት ስሕተት ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ። ባንኩም የውጭ ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ? ኮምፒዩተር አለ ብለን የይዞታ ደብተራችንን አንጣል። በደረቅ ቦታ፣ ከአይጥና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ስማችንን፣ የመሬቱን ስፋትና አዋሳኙን ከኮምፒዩተሩ መዝገብ ጋር እናስተያይ። ልዩነት ካገኘን ሳናድር እናመልክት። ያላነበብነው ወረቀት ላይም አንፈርም። ኃላፊውን ያታለለው ያልተነበበ ወረቀት እኛንም ያታልላልና።