ፈንክሽኑ ተመለሰ፤ መልሱስ?

ዲባገር ከሚነግረኝ ነገር ሁሉ አብልጬ የማከብረው «ይዘቱን ማወቅ አልቻልኩም» የሚለውን ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ግን ይህን መልእክት ሲያዩ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ሰሞኑን አንዱ የገጠመው እንዲህ ነው። ከአየር ሁኔታ ሴንሰሮች ንባብ የሚሰበስብ ፕሮግራም በሲ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው ባለ 64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ባላት ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ንባቡን የሚያመጣው ፈንክሽን ሦስት ደብል የያዘ ስትራክቸር ይመልሳል፦ ሙቀት፣ እርጥበትና ግፊት። ጂዲቢ በተባለው ዲባገር ውስጥ «ፊኒሽ» ሲል ፈንክሽኑ ይጨርስና ሦስቱ ቁጥሮች ይደረደሩለታል። በኋላ ንባቡ የተወሰደበትን ሰዓት ለመያዝ አንድ ባለ 64 ቢት ኢንቲጀር ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ያው ፊኒሽ የስትራክቸሩን ስም ብቻ ነግሮት ይዘቱን አላውቅም ይለዋል።

«ጋሼ፣ ሰዓት ስለጨመርኩ ሙቀቱን እንዴት ይረሳል?» አለኝ።

መልሱ ያለው በጠሪውና በተጠሪው ፈንክሽን መካከል በተደረገው ውል ውስጥ ነው። ኤቢአይ የምንለው ይህን ውል ሲሆን በየፕሮሰሰሩና በየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይለያያል። ጎረቤት ዘንድ ጨው ልትበደር የሄደች ሴት በመዳፏ ይዛ ትመለሳለች፤ እርሾ ከሆነ ግን ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ሬጅስተር መዳፍ ነው። ስትራክቸሩ ለመዳፍ ካልሆነ ጠሪው ሜሞሪ ውስጥ ቦታ አዘጋጅቶ አድራሻውን ያቀብላል፣ ተጠሪውም እዚያው ይሞላለታል። የሚቀበለው ፖይንተር በሲው ኮድ ላይ አይታይም፤ ኮምፓይለሩ በስውር የሚጨምረው ነው።

የአርም ውል እንዲህ ይላል፦ አባላቱ ከአራት ካልበለጡና ሁሉም አንድ ዓይነት ፍሎት ከሆኑ፣ ስትራክቸሩ በፍሎት ሬጅስተሮች ይመለሳል። ሦስቱ ደብሎች 24 ባይት ቢሆኑም በቪ0፣ በቪ1ና በቪ2 ተሳፍረው ይመጡ የነበረው ለዚህ ነው። ኢንቲጀሩ ሲገባ ዝርያቸው ተደባለቀ፤ ከ16 ባይት የሚበልጥ ድብልቅ ደግሞ መንገዱ በሜሞሪ ነው። ልጁ ሰዓቱንም ደብል አድርጎት ቢሆን ኖሮ አራቱም በሬጅስተር ይመጡ ነበር፤ እሱም እኔ ዘንድ ባልመጣ።

በሜሞሪ ሲሆን የቦታው አድራሻ ለተጠሪው የሚሰጠው በኤክስ8 ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ውሉ ተጠሪው ኤክስ8ን ሳይነካ እንዲመልስ አያስገድደውም። ፈንክሽኑ በሥራው መሐል ለሌላ ነገር ሊጠቀምበት ይችላል። ዲባገሩ ደግሞ የሚጠየቀው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ኤክስ8 ውስጥ ያለው ቁጥር አድራሻው ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ቦርዷ ላይ የነበረው የቆየ ጂዲቢ ከመገመት ዝምታን መረጠ።

ልጁን ግራ ያጋባው ሌላው ነገር ያው ኮድ በላፕቶፑ ላይ ምንም እንከን አለማሳየቱ ነው። ባለ 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ ሊኑክስ የሚከተለው ውልም እንዲህ ያለውን ስትራክቸር በሜሞሪ ይመልሳል፤ አድራሻው የሚገባው በአርዲአይ ነው። ግን ተጠሪው ሲወጣ ያንኑ አድራሻ በአርኤኤክስ እንዲያስረክብ ያዝዛል። ይህች አንቀጽ ለዲባገር ጸሐፊዎች ወርቅ ናት። ዊንዶውስም አድራሻውን በአርኤኤክስ ያስመልሳል፤ መዳፉ ግን ጠባብ ነው፤ መጠኑ 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ባይት ያልሆነ ስትራክቸር ሁሉ በሜሞሪ ያልፋል። ሦስት ባለ 4 ባይት ኢንቲጀሮች የያዘ ስትራክቸር በአንድ ፕሮሰሰር ላይ፣ ሊኑክስ ከሆነ በሬጅስተር፣ ዊንዶውስ ከሆነ በሜሞሪ ይመጣል ማለት ነው።

በ32 ቢቱ ኢንቴል ይብሳል። ሊኑክስ ትንሹንም ትልቁንም ስትራክቸር በሜሞሪ ሲመልስ ፍሪቢኤስዲ ትንንሾቹን በሬጅስተር ይመልሳል፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ደግሞ ልማዱን በአማራጭ ያስቀይራል። ጂዲቢ በዚህ ጊዜ ፍርዱን ለሰው ትቶታል፦ «ስትራክት-ኮንቬንሽን» የሚባል ማስተካከያ አለውና የትኛው ልማድ እንደተሠራበት እናንተ ትነግሩታላችሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን 32 ቢቱ ስፓርክ ነው። ጠሪው ከጥሪው በኋላ ፈጽሞ የማይሠራ ትእዛዝ ያስቀምጥና በውስጡ የሚጠብቀውን ስትራክቸር መጠን ይጽፍበታል፤ ተጠሪው ሲመለስ ያችን ትእዛዝ ዘልሎ ያልፋል። ይህን የማያውቅ ዲባገር ማቆሚያውን ማንም በማይረግጠው ቦታ ተክሎ ይጠብቃል፤ ፕሮግራሙ በአጠገቡ ያልፋል።

ሲ++ ሲገባ መጠን ብቻውን መለኪያ መሆኑ ይቀራል። የራሱ ኮፒ ኮንስትራክተር ያለው ክላስ 4 ባይት ቢሆንም የሚመለሰው በሜሞሪ ነው። ዲባገሮች ይህን ከክላሱ መልክ ይገምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ድዋርፍ 5 የተባለው የዲባገር መረጃ መስፈርት፣ ኮምፓይለሩ ራሱ በግልጽ የሚጽፍበትን ቦታ አበጀለት።

ዝምታን ለምን እንደማከብር በደንብ የሚያሳየው ፓወርፒሲ ነው። በ64 ቢቱ ፓወርፒሲ የቦታው አድራሻ የሚገባው በአር3 ነው፤ ሲመለስም እዚያው እንደሚገኝ ውሉ ዋስትና አይሰጥም። ጂዲቢ ግን ለረጅም ጊዜ አር3 እንዳልተነካ ቆጥሮ ይሠራ ነበር። አር3 ተቀይሮ ሲገኝ ዲባገሩ ዝም አላለም፤ ካልሆነ ቦታ ቁጥር አንስቶ «የፈንክሽኑ መልስ ይህ ነው» አለ። እንዲህ ያለው ቁጥር ትክክለኛውን ኮድ ስህተት አስመስሎ ሰውን ቀኑን ሙሉ ያንከራትታል። በኋላ ተስተካከለ፤ አሁን ጠሪው በጥሪው ሰዓት አር3 ውስጥ ምን እንዳስገባ ኮምፓይለሩ ከጻፈው መረጃ ይፈልጋል፣ ካጣም አላገኘሁም ይላል። ጂሲሲ ይህን መረጃ እንዲጽፍ «ቫር-ትራኪንግ» የሚባለው አማራጭ መብራት አለበት። የሪስክ-ፋይቭ ውል ደግሞ ከመነሻው፣ አድራሻው በኤ0 ይመለሳል ብላችሁ እንዳትተማመኑ ሲል በግልጽ አስቀምጦታል።

ልጁን ያሳየሁት መላ ቀላል ነው። ማቆሚያውን በፈንክሽኑ ስም ብቻ ሳይሆን ከስሙ ፊት ኮከብ ጨምሮ ይትከል፤ ያኔ ጂዲቢ መግቢያውን ሳይዘል የመጀመሪያዋ ትእዛዝ ላይ ይቆማል። እዚያ ኤክስ8ን በራሱ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ከፊኒሽ በኋላ ያንን አድራሻ እንደ ስትራክቸሩ ፖይንተር ቆጥሮ ያሳትመው። አራቱም ቁጥሮች ወጡ። ፈንክሽኑን ዲባገሩ ራሱ እንዲጠራው ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ጠሪው እሱ ስለሆነ ቦታውንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ ሁለተኛ ይነበባልና የምታዩት ሌላ ንባብ ነው፤ ለእኛ ሥራ አይሆንም።

አዲስ ቦርድ ወይም አዲስ ኮምፓይለር ስትረከቡ፣ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ፤ አንዴ ትንሽ፣ አንዴ ትልቅ፣ አንዴ ድብልቅ ስትራክቸር እንዲመልስ አድርጋችሁ ፊኒሽን ፈትኑት። ዲባገሩ በሚያሳያችሁ ቁጥር የምትከራከሩት ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ይሁን።