ሦስት እግር ያለው ዶሮ

የስድስት ዓመቱ ልጄ ዓይን አፋር ነው። እንግዳ ሲመጣ ከቀሚሴ ኋላ ይደበቃል፤ ስሙን ሲጠይቁት እኔን ያየኛል። "ጨዋ ልጅ!" ሲሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መምህርቱ "መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም" እስክትለኝ ድረስ።

መላ ያልኩት ማሞገስን ነበር። ጫማውን ሲያስር "ጎበዝ!"፣ ምሳውን ሲጨርስ "አንበሳ!"። ጠብ ያለ ነገር የለም። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ እንዲያው የሚታደል ሙገሳን ለይቶ ያውቃል።

አምና ጳጉሜ ላይ የሰፈሩ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕላቸውን ሲያዘጋጁ አይቶ ወረቀትና ከለር ጠየቀኝ። ዶሮ ሣለ። ባለ ሦስት እግር ዶሮ! እኔም ላጲስ አንስቼ አንዱን እግር አጠፋሁለት፣ ክንፉንም አስተካከልኩለት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ይሄ ያንቺ ነው" ብሎኝ ሄደ። ሁለት ቀን ከለር አልነካም።

ለእህቴ ስነግራት "ለምን ሦስት እንደሆነ ጠይቀሽዋል?" አለችኝ። አልጠየቅኩትም። ማታ ጠየቅኩት። "እየሮጠ እኮ ነው!" አለኝ፣ እንዴት ይሄ ጠፋሽ በሚል ፊት።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዶሮ ሣለ። ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

መስከረም 1 ጠዋት እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፣ እሱ ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ገባ። እማማ መነጽራቸውን አላደረጉም፤ ወረቀቱን ከዓይናቸው አስጠግተው "ምንድን ነው የኔ ጌታ?" አሉት። ስሙን መናገር የሚጨንቀው ልጅ፣ ዶሮው ለበዓል ወጥ እንዳይሆን እየሸሸ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያባርረው፣ የት እንደሚደበቅ አንድ በአንድ ተረከላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አሥር ብር ሰጡትና ሥዕሉን ቡፌው መስታወት ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወዲህ እማማ ቤት ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቡፌው ላይ ነው።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው "እችላለሁ" ብሎ እንዲያምን ከሌሎች የማበረታቻ ቃል ይልቅ ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር የበለጠ እንደሚረዳው ጽፏል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ "ብልህ ነህ" የተባሉ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ፣ "ጥረሃል" ከተባሉት ይበልጥ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። የእኔ "አንበሳ!" የትኛው ወገን እንደነበረ ታውቃላችሁ።

አሁን "ጎበዝ"ን ቀንሼ መጠየቅ ጀምሬያለሁ፦ ይሄ ማነው? ወዴት ነው የሚሄደው? ስለ ሠራው ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ሳይፈራ ያወራል።

ሥዕል የማይወድ ልጅ ያላችሁ አትጨነቁ። የጭቃ ላምም፣ የሽቦ መኪናም ያው ነው። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬን አስተውላችሁት ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዱላውን በአንድ ላይ መሬት እየመቱ። ዓይን አፋሩ ከተቀባዮቹ መሐል ገብቶ፣ ድምፁ ከድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣ ማንም ለይቶ ሳያየው ይለማመዳል። አንድ ዓመት አውጪው ሲያመው ተራው ይደርሰዋል። የአበባ አየሁሽ ሴቶች ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ታትሞ የመጣውን የማቅለሚያ መጽሐፍ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ለመኪና ጉዞ ያዙት፤ ዶሮው እዚያ ውስጥ ምንጊዜም ሁለት እግር ነው ያለው።

ልጄ ዓይን አፋርነቱ አልለቀቀውም። ትናንትም ሊፍት ውስጥ አንድ ሰውዬ ስሙን ሲጠይቁት ቀሚሴን ያዘ። "ምን ይዘሃል?" ሲሉት ግን የተጠቀለለውን ወረቀት ዘረጋላቸው። ዘንድሮ በሬ ነው። አራተኛ ፎቅ ደርሰን በሩ ተከፍቶ እንኳ ወሬው አላለቀም ነበር።