በሽታ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም

ካርቱም ውስጥ ዴም የተባለው ሠፈር ለብዙ ዓመታት የሐበሻ ስደተኞች መጠጊያ ነበር። ቡና አፍልታ፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር እኅታችን እዚያ የአገሯን ቋንቋ እየሰማች ኖራለች። ይሁን እንጂ የሱዳን ደንብ ስደተኛው በካምፕ ተወስኖ እንዲኖር ያዝ ስለነበር፣ ወረቀት የሌላት ስትታመም ከሕመሙ ይልቅ አፈሳውን ትፈራ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሕመሙ ከጠናበት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ወጪውም አደጋውም እጥፍ ይሆናል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ይህችም ጠባብ በር ተዘጋች። ሆስፒታሎች ተመቱ፤ መድኃኒት ጠፋ፤ ስደተኛውም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ።

በጥንት ዘመቻዎች ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሠራዊት እንደ ጨረሰ ወታደር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ለስደተኛውም ነገሩ ይኸው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወገኖቻችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን በተሰደዱ ጊዜ፣ በወድ ካውሊ ካምፕ ሕፃናትን በብዛት ከቀጠፉት አንዱ ኩፍኝ ነበር። ረኀብ አካላቸውን አደከመው፤ መጨናነቁም በሽታውን አዛመተው።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በኩመር መጠለያ ኮሌራ ተከሠተ። ኮሌራ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ እንደ መሆኑ የስደተኛውን ድንኳን ከነዋሪው ጎጆ አይለይም። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ መደንገጉ ምጽዋት አይደለም፤ የአካባቢው ሁሉ አጥር ነው።

ውድ የወታደር ባለቤቶች! ከዚያ አገር የተመለሰች ዘመድ ደጃችሁን ብታንኳኳ፣ የልጇን የክትባት ካርድ ጠይቁ፤ ካርዱ ከጠፋ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተቅማጥ ከያዘው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልኩ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። ማንኪያው ትክ ብሎ ይሞላ እንጂ አይከመር፤ ጨው መብዛቱ ይጎዳልና። የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ፤ ሐኪም ዘንድ ለመድረስም አትዘግዩ።

እንግዳይቱ ብዙ ወሬ ይዛ እንደ መጣች አያጠራጥርም። ወሬዋን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ጤንነቷን ጠይቁ።