«ድሮም ዓመሉ ነው» ብለን የተውነው ሕመም

ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታን ሲያልፍ የፎገራ ሜዳን ያቋርጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚሞሉበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት አገር ነው። እዚህ ድባቴ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ጠበል ወይም ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይሞክራል። ሕክምና ሲደርስ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ይታዘዝለታል። አንዳንዱ በሳምንታት ይቀለዋል፤ ሌላው መድኃኒቱን እየዋጠም አይነሣም። ያኔ «ድሮም ዓመሉ ነው» ይባላል።

በእርግጥ ከወጣትነት ጀምሮ የሚዘልቅ የስብዕና መታወክ አለ። ሰውን ሁሉ መጠርጠር፣ ድንገት መገንፈል፣ እንዳይተዉት አጥብቆ መፍራት ከመልኮቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ትዳርን ያናጋል፤ ከደቦ፣ ከማኅበርና ከዕድር ያቆራርጣል። ድባቴ ሲጨመርበት ሕመምተኛው ደጋፊ በሚያሻው ሰዓት ብቻውን ይቀራል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ኒውተን-ሃውስ፣ ታይረርና ጆንሰን በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። የስብዕና መታወክ ባለባቸው ሰዎች ድባቴው ሳይሻል የመቅረቱ ዕድል ወደ 2 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ኒውዚላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮጀር ሙልደር ግን በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ወሳኝ ነገር አሳይቶ ነበር፤ በጥንቃቄ በተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱ ይጠባል፤ እነዚህ ሕመምተኞች በዘወትር ሕክምና በቂ ክትትል የማግኘት ዕድላቸውም ያንሳል።

ይህ የሙልደር ግኝት ለፎገራ ትልቅ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ስለ ስብዕና መታወክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። የተለመደው ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መለኪያም የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ብቻ ነው። ድባቴ ራሱ ሰውን ተጠራጣሪና ቁጡ ስለሚያደርግ፣ ሰውዬው ከመታመሙ በፊት ምን ዓይነት እንደነበረ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ በጠባዩ ላይ መፍረድ ስሕተት ነው።

የሚያስፈልገው በአቅማችን ያለ ነው። ሕመምተኛውን በየቀጠሮው አንድ ባለሙያ ይየው፤ መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈጅና ከተሻለም በኋላ ለወራት እንደሚቀጥል ቀድሞ ይነገረው፤ ቁጣውን እንዴት እንደሚያበርድ፣ ከጎረቤቱ እንዴት እንደሚታረቅ የሚመካከርበት ጊዜ ይሰጠው። ከቀጠሮ ሲቀር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ ትሂድ። ዓመሉ አስቸጋሪ የሆነ ሰው ከሌላው ይበልጥ መታከም አለበት።