ታች ስልክ በመስክ ሥራ ላይ፦ ጥቅሙ፣ ጉድለቱና አያያዙ

መግቢያ

የእጅ ስልክ ለእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራ ማገልገል ከጀመረ ሰንበት ብሏል። ባለፉት ዓመታት ግን ቁልፍ ያለው ስልክ ቦታውን መስታወቱን በጣት በመንካት ለሚሠራው፣ በተለምዶ «ታች ስልክ» ወይም «ስማርት ስልክ» ለሚባለው መሣሪያ እየለቀቀ መጥቷል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የማሳ ልኬት፣ የበሽታ አሰሳ ሪፖርትና የስብሰባ ጥሪ በዚሁ መሣሪያ ያካሂዳል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሥርጭት፣ ስለ ክፍያና ስለ ገበያ ዋጋ በዚሁ መረጃ ይለዋወጣሉ።

ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ ብዙ ሥራ ይሠራል ማለት ሁሉንም ሥራ እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። ማሳው በትክክል ካልተለካ ገበሬው ያለ መጠኑ ማዳበሪያ ይገዛል። በሽታው በትክክል ካልተለየ ለማያስፈልግ ኬሚካል ገንዘብ ያወጣል። የማኅበሩ ሒሳብ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ከተያዘና ስልኩ ከተሰበረ ደግሞ የአባላቱ ገንዘብ ማስረጃ ያጣል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የትኛውን ሥራ ለስልኩ መስጠት፣ የትኛውን ደግሞ ለመዝገብ፣ ለሜትርና ለራስ ዓይን መተው እንደሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. መስታወቱ ጣትን የሚያውቀው እንዴት ነው?

በጣት የሚነካ መስታወት አሠራር በጽሑፍ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ያቀረበውም ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ በእንግሊዝ አገር በማልቨርን የራዳር ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። በእጅ ስልክ ላይ በሰፊው መለመድ የጀመረው ግን አይፎን የተባለው ስልክ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በ2008 ለገበያ ከቀረቡ በኋላ ነው።

በመስታወቱ ሥር ለዓይን የማይታይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን አለ። የሰው ገላ ውኃና ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣት መስታወቱን ሲነካ በዚያ ነጥብ ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጠራል፤ ስልኩም ለውጡ የታየበትን ቦታ አስልቶ ትእዛዙን ይፈጽማል። ከዚህ እንደምንረዳው ስልኩ የሚያውቀው የጣትን ግፊት ሳይሆን የቆዳን እርጥበትና የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። በመሆኑም አጥብቆ መጫን ምንም ጥቅም የለውም።

ይህ አሠራር በመስክ ላይ ሦስት ችግሮች ያስከትላል።

ሀ. የደነደነ ጣት። በሞፈር፣ በዶማና በማጭድ ሥራ የደነደነና የደረቀ የጣት ጫፍ ኤሌክትሪክን በሚገባ አያስተላልፍም። በመስክ እንደምንመለከተው ብዙ ገበሬዎች ደጋግመው ነክተው ስልኩ እምቢ ሲላቸው «ይህ የተማረ ሰው ዕቃ ነው» ብለው ይመልሱታል። ጉድለቱ ግን የመስታወቱ እንጂ የገበሬው አይደለም። የልማት ሠራተኛው ይህን ማስረዳት ይኖርበታል። የጣትን ጫፍ ትቶ ለስላሳውን ጎን ወይም የትንሿን ጣት መጠቀም፣ እጅን በጥቂቱ አርጥቦ መጥረግ ወይም ጫፉ ለመስታወት ተብሎ የተሠራ ብዕር መያዝ ይረዳል። በአንዳንድ ስልኮች ላይም በማስተካከያው ውስጥ የመስታወቱን የንክኪ ስሜት ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ለ. ውኃና ጭቃ። የዝናብ ጠብታ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ስልኩ ጠብታውን እንደ ጣት ይቆጥረውና ያልታዘዘውን ይሠራል። በዝናብ ጊዜ ገንዘብ መላክ ወይም ቁጥር መመዝገብ አይገባም።

ሐ. ጓንት። ወፍራም የመርጫ ጓንት ለብሶ መስታወቱን ማዘዝ አስቸጋሪ ነው። ስልክ ለመደወል ሲባል ግን በኬሚካል ርጭት መካከል ጓንት ማውለቅ ወይም በተነከረ ጓንት ስልኩን መንካት ፈጽሞ አይገባም። ኬሚካሉ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ኋላ ወደ ጆሮ፣ ወደ አፍና ወደ ሕፃናት እጅ ይደርሳልና። ርጭት ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ከመርጫ ቦታው ርቆ ይቀመጥ።

2. ፎቶግራፍ፦ ዋነኛው ጥቅም

ከታች ስልክ ጠቃሚ ጎኖች ለኤክስቴንሽን ሥራ በመጀመሪያ ደረጃ የምናስቀምጠው ፎቶግራፍን ነው። በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የአሜሪካ መጤ ተምች እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህን ተባይ ከሌሎች ትሎች ለመለየት በራሱ ላይ ያለውን የተገለበጠ የዋይ ፊደል ቅርጽና በጅራቱ አካባቢ በአራት ማዕዘን የተደረደሩትን አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ማየት ያስፈልጋል። በቃል መግለጽ አስቸጋሪ የሆነው ይህ ምልክት በአንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ይታያል።

ለባለሙያ የሚላክ ፎቶግራፍ እንደሚከተለው ቢነሣ ይመረጣል።

ሀ. የካሜራው መስታወት አስቀድሞ በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ።
ለ. ቢያንስ አራት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዱ ማሳውን በሙሉ፣ አንዱ ተክሉን ከሥር እስከ ጫፍ፣ ሁለቱ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ በቅርብ።
ሐ. የጉዳቱ መጠን እንዲታወቅ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ከጎኑ ይቀመጥ።
መ. ቅጠሉ በቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን በሰውነት ወይም በባርኔጣ ጥላ ሥር ይሁን።
ሠ. በቴሌግራም ሲላክ እንደ ተራ ፎቶ ከሆነ መጠኑ ስለሚቀንስ «ፋይል» በሚለው መንገድ ይላክ።
ረ. የቀበሌው ስም፣ የሰብሉ ዝርያ፣ የተዘራበት ቀንና ጉዳቱ የታየበት ቀን አብሮ ይጻፍ።

ይሁንና ፎቶግራፍ ምርመራን አይተካም። የስንዴ ቢጫ ዋግና የናይትሮጅን እጥረት ሁለቱም ቅጠልን ያስቢጫሉ። ዋግ ሲሆን ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ብርቱካን መሰል ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል፤ በእጥረቱ ጊዜ ግን ምንም አይኖርም። ስልኩ ቀለሙን ያሳያል እንጂ ዱቄቱን አይዳስስም። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው ቅጠሉን አሽቶ ያየውን ከፎቶግራፉ ጋር መጻፍ ይኖርበታል። በበሽታው ስም ላይ ጥርጣሬ እስካለ ድረስ ኬሚካል ማዘዝ አይገባም። ይህም ሲባል ነገሩ ችላ ይባል ማለት አይደለም። ዋግ በነፋስ በፍጥነት ስለሚዛመት ፎቶግራፉም መልሱም በዚያው ቀን እንዲደርሱ ያስፈልጋል።

3. የማሳ ልኬት በጂፒኤስ

በስልኩ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል በመሆኑ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። በማሳው ዙሪያ በመራመድ ስፋቱን ማወቅ መቻሉ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ሰማዩ ግልጽ በሆነበት ሜዳ እንኳ የስልክ ጂፒኤስ እስከ 5 ሜትር ገደማ ሊስት እንደሚችል መታወቅ አለበት። በዛፍ ሥርና በገደል አጠገብ ስሕተቱ ከዚህም ይበልጣል።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። ጎኑ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ 2,500 ካሬ ሜትር ወይም ሩብ ሄክታር ነው። ስልኩ አንዱን ጠርዝ በ5 ሜትር ወደ ውስጥ ቢያስገባው ማሳው 45 በ50፣ ማለትም 2,250 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ከመቶ 10 ጉድለት ነው። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ማዳበሪያ የታዘዘ እንደሆነ ለሩብ ሄክታሩ 25 ኪሎ ግራም መሆን ሲገባው 22.5 ኪሎ ግራም ብቻ ይደርሰዋል። ያው የ5 ሜትር ስሕተት 100 በ100 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ ቢደርስ ጉድለቱ ከመቶ 5 ብቻ ይሆናል።

በመሆኑም ሩብ ሄክታርና ከዚያ በታች የሆነ ማሳ በሜትር ወይም በተለካ ገመድ ቢለካ ይሻላል። ሰፋ ያለ ማሳ በስልክ ሲለካ መነሻው ላይ ቆሞ ልኬቱ እስኪረጋጋ ጥቂት መጠበቅ፣ በዝግታ መራመድና ሁለት ጊዜ መለካት ይገባል። ሁለቱ ውጤቶች ከተራራቁ ሦስተኛ ልኬት ይወሰድ።

4. የሰዓትና የቀን መለያየት

ስልኩ በአብዛኛው የሚያሳየው የአውሮፓን ሰዓትና ቀን ነው። ስልኩ 8፡00 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ስልኩ 14፡00 ይላል። «ነገ 8 ሰዓት ላይ ርጩ» የሚል መልእክት ከስልኩ ሰዓት ተገልብጦ ከተላከ፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ሊደረግ የታሰበው ርጭት በቀትር በኋላው ሙቀትና ነፋስ ይደረጋል። ስለዚህ በማንኛውም መልእክት ላይ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃል አይቅር።

ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶግራፍ በስልኩ ላይ 11/09/2024 ተብሎ ይመዘገባል። የዘር ወቅት መረጃ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ የዘመን አቆጣጠሩ ዓይነት ከጎኑ ይጻፍ።

5. ባትሪ፣ ፀሐይና ሙቀት

ቁልፍ ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለቀናት ሲያገለግል ታች ስልክ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን አያልፍም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህ ዋነኛው ጉድለት ነው። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች የባትሪውን አገልግሎት ያራዝማሉ።

ሀ. ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልኩ ምልክት በመፈለግ ባትሪውን ስለሚጨርስ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ በመንካት መፈለጉን ማቆም ይቻላል። በአብዛኞቹ ስልኮች ካሜራውና ጂፒኤሱ ያኔም ይሠራሉ።
ለ. በፀሐይ ላይ መስታወቱ አይታይም፤ ብርሃኑን ከፍ ማድረግም ባትሪ ይበላል። በጥላ ወይም በጃንጥላ ሥር ማንበብ ይሻላል።
ሐ. ስልክ በአብዛኛው የሚሠራው ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት እንዲሆን ነው። በሞተር ሳይክል ላይ፣ በመኪና መስታወት ሥርና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ባትሪውን ያስረጀዋል።
መ. ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ማራገፍና ሁልጊዜ እስከ 100 መሙላት ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ከ20 እስከ 80 ባለው ውስጥ ማቆየት መልካም ነው።
ሠ. ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል መሙላቱ ወዲያው ይቁም፤ አይበሳ፤ አይጫን።

6. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ማስገንዘቢያ

የማኅበሩ የማዳበሪያ፣ የዘርና የብድር ሒሳብ ዋና ማስረጃ የወረቀት መዝገብና ደረሰኝ ሊሆን ይገባል። ስልኩ ረዳት ነው። በተግባር እንዲህ ቢደረግ እንመክራለን።

ሀ. ሥርጭቱ በዕለቱ በመዝገብ ይፈረም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ገጾቹ ፎቶግራፍ ተነሥተው በሁለት የተለያዩ ኃላፊዎች ስልክ ይቀመጡ።
ለ. የስልኩ መክፈቻና የገንዘብ ማስተላለፊያው ምስጢር ቁጥር የተለያዩ ይሁኑ። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ቢሉም ቁጥሩ ለማንም አይነገር።
ሐ. የተላከ ገንዘብ በመልእክት ብቻ ሳይሆን ቀሪ ሒሳብን በማየት ይረጋገጥ። የሐሰት መልእክት ማንም ሊጽፍ ይችላልና።
መ. *#06# ተብሎ ሲደወል የሚታየው ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ። ስልኩ ቢሰረቅ ለፖሊስና ለቴሌ ያስፈልጋል።
ሠ. ከማን እንደመጣ የማይታወቅ የኬሚካል አጠቃቀም ምክር ለአባላት አይተላለፍ። መጠኑ ከዕቃው ላይ ከተለጠፈው መመሪያ ይነበብ።

7. ቁልፍ ያለው ስልክም ቦታ አለው

ታች ስልክ የሌለው አባል ከመረጃ ውጭ መሆን የለበትም። በ2006 ዓ.ም. ያኔ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር የእርሻ ምክርን በድምፅ የሚያሰማ ሲሆን፣ ሲጀመርም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። የታሰበውም በማንኛውም ቀላል ስልክ እንዲሠራ ተብሎ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም *127# በመደወል ቁልፍ ባለው ስልክ ይሠራል። ማኅበሩ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ብቻ ካወጣ ግን ማዳበሪያው መድረሱን የሚሰሙት ታች ስልክ ያላቸው ብቻ ይሆናሉ። ሌሎቹ ሲደርሱ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ማስታወቂያው በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በሰሌዳና በዕድር ወይም በገበያ ቀን በቃል ጭምር ይነገር።

ማጠቃለያ

በአጭሩ ታች ስልክ ለማሳየት፣ ለመላክና ለመቀበል እጅግ ጠቃሚ ነው። ለብቻው ለመለካት፣ ለመመርመርና ሒሳብ ለመያዝ ግን አይበቃም። ፎቶግራፉን ስልኩ ያንሣ፤ ቅጠሉን የልማት ሠራተኛው ይሽ። ሰፊውን ማሳ ስልኩ ይለካ፤ ጥማዱን ሜትር ይለካው። መልእክቱን ስልኩ ያድርስ፤ ዕዳውን ግን መዝገብ ይያዘው። ሥራው በዚህ መልክ ሲከፋፈል የስልኩ ጉድለት በገበሬው ማሳና በማኅበሩ ገንዘብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል።