በአፍ ካንሰር ሥርጭት ላይ የአካባቢው ሕብረ ሕዋስ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ389 ሺህ በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር መያዛቸውን፣ በዚሁ ዓመት ከ188 ሺህ በላይ ሰዎችም በበሽታው ሕይወታቸው ማለፉን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት ያመለክታል። በሽታው የሚዛመተው ግን በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። በዙሪያው የሚገኘው ሕብረ ሕዋስ ሊያግደውም ሊያግዘውም ይችላል።

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስቲፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 የካንሰር ሕዋስን በዘር፣ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል ደግሞ በአፈር መስለው ነበር። ምሳሌው ለአርሶ አደር ልጅ እንግዳ አይሆንም።

በአፍ ካንሰር ረገድ ጉዳዩን ጎላ አድርጎ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ዶክተር ስሎተርና ባልደረቦቻቸው በ783 ሕሙማን ላይ ያካሄዱት ጥናት ነው። ከዕጢው አጠገብ ያለውና ለዓይን ጤናማ የሚመስለው የአፍ ሽፋንም ተለውጦ ተገኝቷል። ትምባሆና አልኮል የሚነኩት አንድን ነጥብ ሳይሆን መላውን የአፍ ሽፋን በመሆኑ፣ ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ በዚያው አካባቢ ሌላ ሊበቅል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የዘወትር ተግባራቸው ቁስልን መጠገን ሲሆን፣ በካንሰሩ ተጽዕኖ ሥር ሲወድቁ ግን ለዕጢው ዕድገት የሚረዱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፤ ኢንዛይሞችም ሕብረ ሕዋሱን እየሸረሸሩ መተላለፊያ ይከፍቱለታል። አዳዲስ የደም ሥሮች ምግብና ኦክስጅን ያደርሱለታል። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትም ጥቃታቸውን እንዲያቆሙ ይደረጋሉ። ይህን እገዳ የሚያነሱት ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ላገረሸ ወይም ለተሠራጨ የራስና የአንገት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቅደዋል።

አንዳንድ ጊዜ የሕብረ ሕዋሱ ለውጥ ከካንሰሩ ይቀድማል። በህንድ አሬካ የተሰኘውን የዘንባባ ዓይነት ፍሬ አዘውትረው በሚያኝኩ ሰዎች ላይ የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል እየደደረ አፍን መክፈት እስኪያዳግት ይደርሳል፤ ከእነዚህ መካከልም ካንሰር የሚይዛቸው አሉ።

በዚህም የተነሳ ሐኪሞች ዕጢውን ሲያወጡ በዙሪያው ካለው ጤናማ ሥጋም ጨምረው ይቆርጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የደረጃ አመዳደብ፣ ስፋቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ እንኳ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ከጠለቀ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከፍ ይላል። ከሕክምናው በኋላም ታካሚው ትምባሆ ማቆምና በቀጠሮ መመርመር ይኖርበታል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይድን የቆየ የአፍ ቁስል፣ ባያምም እንኳ፣ ለሐኪም መታየት አለበት።